የአንዲት ፀጉር ክፍተት

ባለፈው ጥር ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ አንድ መካኒክ ከጋራዡ ደጃፍ ቁጢጥ ብሎ ብረት በናፍጣ ሲያጥብ አየሁ። ዕቃው ተራ የልብስ ማጠቢያ ሳህን ነው። ብሩሹን እየነከረ ሲፈትግ ሽታውን ነፋሱ ወደ እኛ አመጣው። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ፤ እኔ ተጠጋሁ። የሸተተኝ ናፍጣ ብቻ አልነበረም፤ ናፍጣ ከገብስ ዱቄት ጋር ነው። እዚያ ደጃፍ ላይ ደግሞ ዱቄት የሚባል ነገር አልነበረም። ዱቄቱ የመጣው ከአምስተኛ ክፍል ነው።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የመንደራችን ወፍጮ ቆመ። መንደራችን ከሰቆጣ ወደ ደሃና ሲኬድ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብላ ያለች ናት። ወፍጮው የሴቶች ማኅበሩ ነበር፤ የምታሠራው እናቴ ነበረች። አባቴ ያን ሰሞን ከብቶቹን ይዞ ወደ አበርገሌ ወርዶ ስለነበር ቤቱም ወፍጮውም በእሷ ላይ ነበሩ። ሞተሩ አንድ ፒስተን ብቻ ያለው አሮጌ ነው፤ በጎኑ ደረቴ ድረስ የሚደርስ ከባድ የብረት መንኮራኩር ተገጥሞለታል። ሲሠራ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ ይላል፤ ድምፁ ከተራራው ማዶ ይሰማል። ኅዳር ላይ አዲሱ ገብስ ከአውድማ እንደገባ ግን ድምፁ ተለወጠ። ከዱግዱግታው መሃል አንድ የሚያንኳኳ ነገር ገባበት፤ ሰው በር ላይ ቆሞ በድንጋይ የሚመታ ይመስል ነበር። እናቴ ፈጥና አጠፋችው።

«ውስጡ አንድ ነገር አለ» አለች።

እኔ ቃሏን እንዳለ ወሰድኩት። ውስጡ አንድ ነገር አለ።

ወፍጮው በቆመ በሁለተኛው ሳምንት ከክፍላችን ሴቶች ልጆች መጉደል ጀመሩ። የየቤቱ ድንጋይ ወፍጮ ከተጣለበት ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ መጁ ከእነአቧራው ተፈልጎ ተገኘ። አጠገቤ የምትቀመጠው ፀዳለ መጀመሪያ አርፍዳ መምጣት ጀመረች፤ ቀጥሎ አንድ ቀን መጥታ አንድ ቀን ቀረች፤ ከዚያ በኋላ ጭራሽ ቀረች። እኔም ከትምህርት በፊት ሁለት ጣሳ ገብስ እፈጭ ነበር። መዳፌ ውሃ ቋጥሮ እርሳስ መያዝ ሲያቅተኝ፣ በዚያ ሞተር ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ የማወቅ ጉጉቴ ወደ ቂም ተለወጠ።

እናቴ አጎቷን አያ ኪሮስን ከሰቆጣ አስጠራች። አያ ኪሮስ ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ ማሽኖች ጥገና ያሳለፉ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሽማግሌ ነበሩ። ከእናቴ ጋር በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣና ያወራሉ፤ ከብረት ጋር ሲሆኑ ግን ቋንቋቸው ሌላ ነው፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ቃል። አንድ የብረት ሳጥን በአህያ አስጭነው መጡ። ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ እንዲነሳ አደረጉና የእንጨት ዘንግ አንዱን ጫፍ ከሞተሩ ሆድ፣ አንዱን ከጆሯቸው አስጠግተው አዳመጡ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ እንደዚያ ስታደርግ አይቻለሁ።

«ጆኮ አለው» አሉ። «ብዙ ጆኮ።»

«ጆኮ ምንድን ነው?» አልኳት እናቴን።

«እኔ ምን አውቄ! የሚያንኳኳው ነዋ።»

በቃ፣ ገባኝ። ጆኮ ማለት ሞተር ውስጥ የሚኖር እንስሳ ነው። ከአይጥ ያንሳል፤ ከጥንዚዛ ይበልጣል፤ ብረት ይመታል። ርቦት ይሆናል ብዬ ንፍሮ በእፍኜ ይዤ ሄድኩና ከሞተሩ ሥር በተንኩለት፤ ሊበላ ሲወጣ ልይዘው ነው። ያገኙት ግን አያ ኪሮስ ናቸው።

«ይህን ንፍሮ ማነው ያፈሰሰው?»

«እኔ ነኝ፣ ለጆኮው።»

በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ሲስቅ አላየሁም። ከሳቃቸው ሲመለሱ ግን አላሾፉብኝም። ያደረግሁትን የላስቲክ ጫማ ተመለከቱ።

«ጫማሽ ከእግርሽ ሲሰፋ መንገድ ላይ ምን ይላል?»

«ጠፍ፣ ጠፍ ይላል።»

«ሲጠብሽስ?»

«ያቆስለኛል።»

«ጆኮ ማለት ያ ነው። እንስሳ አይደለም፤ ባዶ ቦታ ነው። እዚህ ውስጥ የሚዞር ወፍራም ዘንግ አለ፤ እሱ እግር ነው። ዘንጉን የሚያቅፈው ብሮንዚና ይባላል፤ እሱ ጫማ ነው። መሃላቸው ዘይት የምትገባባት ትንሽ ቦታ ያስፈልጋል። ከሰፋች ያንኳኳል። ከጠበበች ይቃጠላል።»

«ትንሽ ማለት ምን ያህል?»

«የአንዲት ፀጉር ያህል።»

እንስሳው ቀረብኝ ብዬ ማዘን ነበረብኝ። ግን ባዶ ቦታ እንዴት ያንኳኳል? ይሄ ከእንስሳው የባሰ ጉድ ሆነብኝ።

ሞተሩን ፈቱት። ወፍጮ ቤቱ ወለል ላይ ጆንያ አንጥፈው ብረቶቹን በናፍጣ እያጠቡ በተራ ደረደሩ፤ ከጣሪያው የሚረግፈው የቆየ ዱቄት ደግሞ እየወረደ በላዩ ላይ ያርፋል። ከሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የፈረስ ኮቴ የመሰለ መሣሪያ አወጡ። ማይክሮሜትር ይሉታል። ዘንጉን በሁለት መንጋጋው መሃል አስገብተው እጀታውን በጣታቸው ጫፍ ያዞሩና ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ያነባሉ። በወልድያ ብረት እየቀረጸ ልክ ለሚያስይዘው ቶርኖ ቤት ልኩን በስልክ ነገሩት፤ በነገሩት ልክ አዲስ ብሮንዚና አዘጋጅቶ በአውቶቡስ ሊልክ ተስማሙ።

ብሮንዚናው እስኪመጣ መለኪያው የእኔ መጫወቻ ሆነ። አያ ኪሮስ አልከለከሉኝም፤ «ጥብቅ አታድርጊው፤ ዝም ብለሽ አስነኪው» ብቻ አሉኝ። እጀታው ላይ ከዜሮ እስከ ሃምሳ መስመር አለ። አንዷ መስመር የሚሊሜትር መቶኛ ናት። በየአምስት መስመሩ ቁጥር ተጽፏል፤ ብዙ ዓመት በእጅ ስለታሸ ግን ቁጥሮቹ ደብዝዘዋል።

የዚያን ሰሞን የሒሳብ መምህራችን ሰሌዳ ላይ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስምንት ጽፈው «ይህ ከዜሮ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ክፍሉ በሙሉ «ያንሳል!» አለ፤ ሁለት ዜሮ ስላለው። መምህሩ ከጎጃም መጥተው እንዲህ ዓይነት ክፍል ያጋጠማቸው ሰው መስለው ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። እኔ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስምንትን ያገኘሁት ከራሴ ላይ ነው። አንድ ፀጉሬን ነቅዬ መንጋጋው ውስጥ አስገባሁና ቆጠርኩ። ስምንት መስመር። የእናቴን ለካሁ፤ ስድስት። የአህያዋን ጭራ፣ የገብስ ጺም፣ የደብተሬን ወረቀት ለካሁ። እጄ የደረሰበት ነገር ሁሉ ውፍረት ነበረው፤ ውፍረቱም ቁጥር ነበረው።

ፀጉሬን እንደያዘ መለኪያውን ለአያ ኪሮስ ወሰድኩላቸው።

«ስምንት ነው፣ አያ ኪሮስ!»

አስጠግተው አዩት። «ሦስት ነው» አሉ። «ደህና አድርገሽ ቁጠሪ።»

እንደገና ቆጠርኩ፤ ስምንት ሆነብኝ። ግን ትልቅ ሰው ሦስት ካለ ሦስት ነው።

ብሮንዚናው መጣ። አያ ኪሮስ ገጥመው መንኮራኩሩን በእጃቸው ሲያዞሩት ትንሽ ከበዳቸው። «አዲስ ነገር ሁሌም ይከብዳል» አሉ። እናቴ ሞተሩን አስነሳችው፤ መንደሩ እልል አለ፤ የመጀመሪያው ኩንታል ገባ። አንድ ሰዓት ያህል ሠራ። ከዚያ ድምፁ እንደደከመ ሰው ወረደ፤ የተቃጠለ ዘይት ሸተተ፤ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ፤ የወፍጮው ቀበቶ ተፈትልኮ ግድግዳውን መታ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ዳግመኛ ሲፈቱት ብሮንዚናው ቀልጦ ዘንጉ ላይ ተለጥፎ ነበር።

እናቴ ለቶርኖ ቤቱ ደወለች። «ሌባ!» አለችው። «አሮጌ ብረት ቀብተህ ነው የላክህልን!» አያ ኪሮስ አጠገቧ ቆመው መሬት መሬቱን ያያሉ።

እኔ ግን ጥፋተኛውን አውቄዋለሁ። እኔ ነኝ። በዚያ መሣሪያ ፀጉር፣ ጭራና የገብስ ጺም ለክቼበታለሁ፤ ብረት እንዲለካ የተሠራውን አበላሽቼዋለሁ። ሦስት ቀን ወደ ወፍጮ ቤቱ አልቀረብኩም። በአራተኛው ቀን አያ ኪሮስ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ካለችው ወይራ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አያ ኪሮስ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«መለኪያውን ያበላሸሁት። ፀጉሬን አስገብቼበት… ስምንት ሲለኝ እርስዎ ሦስት አሉ። ያኔ ነው የተበላሸው።»

«አምጪው» አሉ። አመጣሁት። «ፀጉር ንቀይ።» ነቀልኩ። «ስንት ይላል?»

«ስምንት።»

ተቀበሉኝ። አስጠጉት፤ አራቁት፤ ወደ ፀሐይ አዞሩት።

«እኔ የማየው ሦስት መስመር ነው።»

«አዎ፣ ሦስት መስመር ነው፤ ግን ከአምስቷ በላይ ነው። አምስቷ እዚህ ጋ አለች።» አውራ ጣታቸውን ይዤ ጥፍራቸውን ደብዛዛዋ ቁጥር ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ጣታቸውን ከዚያ አላነሱም።

«አምስቷን አላየኋትም» አሉ በመጨረሻ። «ዘንጉንም እንዲህ ነው ያነበብኩት። አምስት መቶኛ አሳንሼ። ሰውየው በነገርኩት ልክ ነው የሠራው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ። «አየሽ፣ ዓይን እንደ ጥርስ አይደለም። ሲሄድ አያምም። መቼ እንደሄደ እንኳ አላወቅሁም።»

አልተቆጡም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ።

«ለሰው ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

«እንግዲህ አትንገሪ። እጄ ደህና ነው። አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እሠራለሁ።»

ኮራሁ። ኩራቴ ግን ድንጋይ እንዳለበት ስንቅ ነበር፤ እናቴ በየቀኑ የቶርኖውን ሰው ስታማ እሰማለሁ፤ አያ ኪሮስም ይሰማሉ፤ ሁለታችንም ዝም እንላለን።

ልኩን በስልክ መንገር ቀርቶ ዘንጉ ራሱ ወልድያ ሄደ። ተስተካክሎ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተመለሰ። ከአዲሱ ብሮንዚና ጋር አያ ኪሮስ የለመኑት አንድ ነገር መጣ፤ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ስንዝር የማይሞላ፣ እንደ ሰም የለሰለሰ ቀጭን አረንጓዴ ክር። ወረቀቱ ላይ ከቀጭን እስከ ሰፊ የተደረደሩ ጭረቶችና ከአጠገባቸው ቁጥሮች ታትመዋል። ክታብ መሰለኝ። ሞተሩ ታሞ የለ? ዘንጉ ላይ ሲያጋድሙለት ሳይ፣ ሊያስሩለት ነው ብዬ በልቤ ጸለይኩ።

«ይህ ዓይን ለጎደለው ሰው የተሠራ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። የብሮንዚናውን አንዱን ግማሽ ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርገው ክሩን መሃል ላይ ጥለው ብሎኖቹን አጠበቁ። «ክሩ ይጨፈለቃል። ስንከፍተው ስፋቱን ከወረቀቱ ጭረት ጋር ታስተያያለሽ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት መቶኛ ካለ ልክ ነው። ዘንጉ ግን እንዳይዞር!»

ሌላ ቁልፍ ሊያመጡ ዞር አሉ። እኔ ደግሞ ክሩ እዚያ ጨለማ ውስጥ ምን እየሆነ ይሆን አልኩ። መንኮራኩሩን በአንድ ጣቴ ነካ አደረግሁት። ትንሽ ዞረ። በጣም ትንሽ።

ሲከፍቱት ክሩ እንደ ሙጫ ተለቅልቋል።

«ነክተሽዋል?»

«ነክቼዋለሁ።»

«ምን ልታዪ?»

«እንጃ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም በልጅነቴ የሰዓት ሆድ ከፍቻለሁ» አሉና ከቀረው ክር ሌላ ቁራጭ ቆረጡ። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነበር።

ሁለተኛው ልኬት በገበያ ማግስት ሆነ። እናቴ «ዛሬ ይነሳል» ብላ ስለነበር ሴቶቹ ከነጆንያቸው ደጁን ሞልተውታል፤ አህዮች ይጮሃሉ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ አበራሽ ከበሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። አያ ኪሮስ ከፈቱ። እኔ ብሮንዚናውን ከነክዳኑ ይዤ ብርሃን ወዳለበት በር ወጣሁ፤ ወረቀቱን አስጠጋሁ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኩል ነው?»

አልነበረም። ክሩ በአንድ ጫፉ ቀጭን፣ በሌላው ሰፊ ነው። «በዚህ በኩል አምስት ይላል። በዚህ በኩል ሰፍቷል፤ ቦታው ሰፊ ነው ማለት ነው?»

«ሊጥ በእጅሽ ስትጫኚው መቼ ነው የሚሰፋው?»

«ጠበቅ አድርጌ ስጫነው… አሃ! በዚህ በኩል ጠቧል!»

ወይዘሮ አበራሽ ሰማች። «አያ ኪሮስ፣ ምንድን ነው ይሄ? የምትለካው ይቺ ልጅ ናት እንዴ? ይግጠሙትና ይነሳ እንጂ! ልጆቻችን መጅ ላይ ውለው አደሩ እኮ።»

እናቴም፣ «ትርሐስ፣ ነይ ከዚያ! ይበቃል» አለችኝ።

አያ ኪሮስን አየኋቸው። ገጥመው ቢያስነሱት የሚጠይቃቸው አልነበረም፤ ምናልባት አንድ ሳምንት፣ ምናልባት አንድ ወር ይሠራ ነበር። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ጣት በጣት ጠረጉ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ልጅቱ ናት የለካችው» አሉ። «የእኔ ዓይን አያይም። ባለፈውም ሞተሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ልኩን አሳስቼ አንብቤ ነው። የቶርኖው ሰው ንጹሕ ነው።»

ወይዘሮ አበራሽ ያጣመረችውን እጇን ፈታች።

«እኔ ያን ሰው ሌባ ስለው አጠገቤ ቆመው ሰሙኝ!» አለች እናቴ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሰማሁ።» ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ኔትወርክ የሚገኘው ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ካለው ቋጥኝ ላይ ነው። እኒያ ሽማግሌ መንደሩ ሁሉ እያየ፣ እናቴ ክርናቸውን ደግፋ፣ ቋጥኙ ላይ ወጡ። «ወንድሜ» ሲሉ ሰማን፤ «ስምህን ያጠፋነው በእኔ ጥፋት ነው። ይቅር በለኝ።» ሰውየው ምን እንዳለ አላውቅም። ሲወርዱ ግን እናቴ ስልኩን ተቀብላ እሷም ወጣች።

ወይዘሮ አበራሽ ነጠላዋን አስተካክላ ጆንያዋ ላይ ተቀመጠች። «ታዲያ ልጅቱ ትየው» አለች። «ምን ቆማችኋል? ደጁን ልቀቁላት፣ ብርሃን ያስፈልጋታል።»

አያ ኪሮስ ብሮንዚናውን ከክዳኑ አወጡ። እኔ በጀርባው ላይ ምንም አላየሁም። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱትና ቆም አሉ። «እዚህ ጋ።» ዱቄትና ዘይት አብረው ደርቀው የሠሩት፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቅርፊት ነበር፤ ብሮንዚናውን ከኋላ ገፍቶ ያጠበበው እሱ ነው። እኔ ያላየሁትን እጃቸው አየችው። በናፍጣ አጠቡት፤ ከጣሪያ ዱቄት እንዳይረግፍ ሁለት ሴቶች ጋቢ ወጥረው ከላያችን ያዙ፤ የመጨረሻው ክር ገባ። እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ ቆምኩ።

«አሁንስ?»

ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«አምስት። እዚህም አምስት። መሃሉም አምስት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ሞተሩ ተነሳ። ማንም እልል አላለም፤ ባለፈው ብለው ነበርና ፈሩ። ትንሽ እንደሠራ አያ ኪሮስ አስጠፉትና መዳፋቸውን ሆዱ ላይ አደረጉ፤ የእኔንም አስደረጉ። ለብ ያለ ነው፤ ገና እንደታለበ ወተት። አስነሱት፤ አስጠፉት፤ ዳሰስን። እስከ ቀትር እንዲህ አደረግን። ከዚያ ወይዘሮ አበራሽ የመጀመሪያውን ጆንያ ራሷ አንስታ አፈሰሰች።

በሚቀጥለው ሰኞ ፀዳለ መጣች። መዳፏን አሳየችኝ፤ እኔም የእኔን። በመለኪያው የማን እባጭ እንደሚወፍር ልናይ ተስማማን፤ አያ ኪሮስ ግን ለዚህ አልፈቀዱም።

እሳቸው ወደ ሰቆጣ ሳይመለሱ ከጽጽቃ አንድ ሰው በበቅሎ መጣ። የእነሱም ወፍጮ ማንኳኳት ጀምሯል። እኔ ክፍል ነበርኩ፤ የነገረችኝ እናቴ ናት። ሰውየው አሁኑኑ እንሂድ ብሎ አጣደፋቸው፤ በቅሎዋን ሰጥቶ ራሱ በእግሩ ሊሄድ።

«አሁን አይሆንም» አሉት አያ ኪሮስ፣ በሰው ፊት፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «ዓይኔ ትምህርት ቤት ናት። ቅዳሜ እንመጣለን።»

ቅዳሜ ሄድን። ሳጥኑን አህያዋ ተሸከመች፤ መለኪያውን በጨርቁ እንደተጠቀለለ እኔ ያዝኩ።